ባዶ ቦታ በሰሜን ሸዋ፦ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ልመርምር?

የመሐል ሜዳው መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ። የተወለድሁት መሐል ሜዳ ሲሆን ላለፉት 14 ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በማስተማር ላይ እገኛለሁ። ከባለቤቴ ጋር በቁጠባና በዕቁብ ያጠራቀምነው 1.8 ሚሊዮን ብር አለን። በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ቦታ ማግኘት እንደማይቻል ከተረዳን ወዲህ ዐይናችንን ወደ አገራችን ወደ ሰሜን ሸዋ መልሰናል። ሐሳባችን ባዶ ቦታ ይዘን አቅማችን በፈቀደ መጠን ቤት መሥራት፣ ከፊሉን ማከራየት፣ ጡረታ ስንወጣ ደግሞ ገብተን መኖር ነው።

እስካሁን ሦስት አማራጮች ቀርበውልናል። የመጀመሪያው ከደብረ ብርሃን ከተማ ዳር፣ በጠባሴ በኩል ወጣ ብሎ የሚገኝ 500 ካሬ ሜትር የእርሻ መሬት ሲሆን ደላላው 900,000 ብር ይለናል። ገበሬው አረንጓዴ ደብተር (የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ) አላቸው። ውሉ «ስጦታ» ተብሎ እንደሚጻፍና ከተማው ሲደርስበት ካርታ እንደሚወጣለት ደላላው ደጋግሞ ነግሮናል። ሁለተኛው ደብረ ብርሃን ላይ በሊዝ ጨረታ መወዳደር ነው፤ ይህን ግን ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «ለባለሀብት እንጂ ለመምህር አይሆንም» እያለ ያስፈራራናል። ሦስተኛው ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሚገኝ 300 ካሬ ሜትር ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ) ነው። መሠረቱ ወጥቶ በአንድ ጎኑ ግድግዳ ቆሞበታል፤ ካርታው በሟች አባት ስም ነው፤ ከአራቱ ወራሾች አንዱ ውጭ አገር ይኖራል፤ የሚጠየቅበት ዋጋ 1.1 ሚሊዮን ብር ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ቦታው ጤናማ መሆኑን በምን ቅደም ተከተል ላረጋግጥ? የተጠራው ዋጋ ተገቢ መሆኑንስ በምን ልለካ? አንድ መንደር ውስጥ አምስት ሰው ብጠይቅ አምስት የተለያየ ዋጋ ይነግረኛል።

ቀያሹ፦

መምህር፣ እንደምን ከረሙ። በቀያሽነት ሥራ 17 ዓመት የቆየሁ ሲሆን የሚበዛውን ጊዜ ያሳለፍሁት በእኛው ዞን ከተሞች ነው። ባዶ ቦታ እንድመለከትለት የሚጠራኝን ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ቦታ እስከ ዛሬ ለምን ባዶ ሆነ?» ብዬ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፋብሪካዎቹ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛና ተማሪ እየሳቡ የኪራይ ቤት ፈላጊ በበዛበት ዘመን፣ ለአስፋልት የቀረበ ቦታ ሣር በቅሎበት ከኖረ ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ ከወረቀቱ፣ ከፕላኑ ወይም ከአፈሩ አይወጣም። የአፈሩን ነገር ለመሐንዲሶች ልተወውና ስለ ሁለቱ ልናገር።

ወረቀቱን በተመለከተ መነሻው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በሕግ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በመሬቱ ላይ ያለው ሕንፃና የመጠቀም መብቱ ነው። በመጀመሪያው አማራጭዎ ላይ ሕንፃ የለም፤ የገበሬው የመጠቀም መብትም የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ በወሰነው አግባብ ብቻ የሚሄድ እንጂ ለከተማ ቤት መሥሪያ በገንዘብ የሚቸበቸብ አይደለም። ስለዚህ 900,000 ብር የሚከፍሉት ለመሬቱ ሳይሆን «ስጦታ» ለሚለው ቃል ነው። ሽያጭን በስጦታ፣ በብድር ወይም በረጅም ኪራይ ስም መሸፈን በየፍርድ ቤቱ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ዳኛው የሚመለከተው የውሉን ርእስ ሳይሆን የተደረገውን ነገር ስለሆነ ሽፋኑ ሲገለጥ ውሉ ይፈርሳል።

በዚያ ላይ «ከተማው ሲደርስበት ካርታ ይወጣለታል» የሚለው ተስፋ የነገሩን አካሄድ የሚገለብጥ ነው። ከተማው ወደ እርሻው ሲደርስ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም ያስለቅቅና ካሳውን በደብተሩ ላይ ስሙ ለሰፈረው ባለይዞታ ይከፍላል። በእኛ በአማራ ክልል ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ከነፎቶግራፋቸው ይገኛል፤ የእርስዎ ስም ግን የትም አይገኝም።

ሁለተኛውን አማራጭ ሰው በከንቱ ነው የሚፈራው። በሊዝ አዋጁ፣ በቁጥር 721/2004፣ የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ሊያንስ አይችልም፤ ቀሪው ከነወለዱ በየዓመቱ ተከፋፍሎ ይከፈላል። ለምሳሌ 200 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ ሜትር 3,000 ብር ቢያሸንፉ ጠቅላላው 600,000 ብር ይሆናል። ዝቅተኛው ቅድመ ክፍያ 60,000 ብር ሲሆን ቀሪው 540,000 ብር በ30 ዓመት ቢከፋፈል በዓመት 18,000 ብርና ወለዱ ነው። ቁጥሩን ያነሣሁት ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ነው፤ የየቀበሌውን መነሻ ዋጋ ከጨረታ ሰነዱ ያገኙታል። በጨረታው ላይ ከሚሰጡት ዋጋ ጋር ለቅድመ ክፍያ የሚያቀርቡት መጠንም ስለሚታይ ጥሬ ገንዘብ የቆጠበ ሰው እንደሚወራው ደካማ ተወዳዳሪ አይደለም።

የሊዝ ቦታ አጥሮ ማስቀመጥ ግን አይቻልም። ውሉ ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ይወስናል፤ አዋጁ ለአነስተኛ ግንባታ ማጠናቀቂያ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36 ወር፣ ለትልቅ እስከ 48 ወር ነው የሚሰጠው። ግንባታው ከግማሽ በታች ሳለ በውርስ ካልሆነ በቀር መብቱን ላስተላልፍ የሚል ሰው የከፈለውን የሊዝ ክፍያ ከነባንክ ወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶውን ብቻ ነው የሚወስደው። ቪላ «ግማሽ ደረሰ» የሚባለው ደግሞ መሠረቱ፣ ቋሚዎቹና የላይኛው ማሰሪያ ቢም ሲያልቁ ነው። የሸዋ ሮቢቱ ቦታ አንድ ጎን ግድግዳ ከዚህ ልክ እንደማይደርስ ልብ ይበሉ። በተጨማሪ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ሥርዓት ስለሚገባ፣ ከ1.1 ሚሊዮኑ ሌላ የሊዝ ክፍያ ይጠብቅዎታል። ሻጮቹ ይህን እንዳልነገሩዎት እገምታለሁ።

ስለ ፕላን አጭር ነገር ልጨምር። ካርታ ያለው ቦታ ሁሉ የሚሠራበት ቦታ አይደለም። የከተማውን መዋቅራዊ ፕላን ቢሮው ድረስ ሄደው ይመልከቱ፤ ቦታው ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለአረንጓዴ ሥፍራ ወይም ለመንገድ ተመድቦ ሊሆን ይችላል። በበረሳ ወንዝ ዳርና ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ያሉ ቦታዎች ርካሽ የሚሆኑት ስለዚህ ነው።

አንድ የሙያ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አይቻለሁና። በቆዩ ካርታዎች ላይ የተጻፉት የማዕዘን ቁጥሮች በአብዛኛው አዲንዳን በሚባለው ሥርዓት የተለኩ ናቸው፤ ስልክዎ ላይ ያለው ጂፒኤስ ግን በሌላ ሥርዓት ነው የሚሠራው። ቁጥሮቹን ሳይለውጡ ስልኩ ላይ ቢያስገቡ ከ200 ሜትር በላይ ያስትዎታል። ሰዎች በዚህ ምክንያት የሌላ ሰው ማሳ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ሲነሡ አይቻለሁ።

ሲቪል መሐንዲሱ፦

ቀያሹ የተወልኝን የአፈር ነገር ልቀበል። በዞናችን ደጋ ሜዳ ላይ ቤት ለሚሠራ ሰው ትልቁ ጠላት መረሬ ነው። የደነባን፣ የእነዋሪንና የምንጃርን ጤፍና ስንዴ ያበቀለው ጥቁር አፈር ለእርሻ በረከት ሲሆን ለመሠረት ግን ዕዳ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በሚያዝያ ወር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያያሉ። ይህ እብጠትና ሽምቀቃ በየዓመቱ ቤቱን ሲያነሣና ሲያወርደው ይኖራል። ሰው የሚገርመው ቀላል ባለ አንድ ወለል ቤት ከከባድ ፎቅ ይበልጥ መጎዳቱ ነው፤ ምክንያቱ ቀላሉ ቤት አፈሩን ተጭኖ የሚያስቀምጥበት ክብደት ስለሌለው ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ አንዱ ሰፈር ዓለት ሆኖ ሌላው በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት መረሬ ሊሆን ስለሚችል የጎረቤት ምስክርነት ብቻውን አያጠግብም። ቦታው ላይ ቢያንስ በሁለት ማዕዘን 2 ሜትር ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ በቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። ጥቁሩ አፈር ስንት ላይ እንደሚያልቅና ከሥሩ ገረጋንቲ (ለመሙያ የሚሆን ጠጠራማ አፈር) ወይም ዓለት መኖሩን ይመልከቱ። ከዚያ የአካባቢውን ቤቶች ዞር ዞር ብለው ይዩ። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ፣ የማይዘጋ በር፣ መሐሉ ያበጠ የሲሚንቶ ወለል ካዩ መረሬው ራሱ እየመሰከረ ነው።

መረሬ ስለተገኘ ብቻ ቦታው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ዋጋው ውስጥ ይግባ ነው የምለው። ስሌቱን እንዲህ ይያዙት። 10 በ12 ሜትር የሆነ ቤት የሚያርፍበትን 120 ካሬ ሜትር በ1.2 ሜትር ጥልቀት ቆፍረው ቢያወጡ 144 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል። በዚያው ልክ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ለመመለስ፣ ሲጠቀጠቅ የሚቀንሰውን ሩብ ያህል ጨምረው 180 ሜትር ኩብ ማስመጣት አለብዎት፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና ወደ 12 ምልልስ ማለት ነው። የወጣውን አፈር ለመጣል ደግሞ ሌላ 12 ምልልስ ያህል አለ። የ24 ምልልስ የአካባቢውን ዋጋ ጠይቀው ከሻጩ ዋጋ ላይ ይቀንሱት። ሻጩ «አፈሩ አንደኛ ነው» ካለ ጉድጓዱን ያሳዩት።

ስለ ባሕር ዛፍ ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባዶ ተብለው የሚታዩት ብዙ ቦታዎች ትናንት ባሕር ዛፍ የተቆረጠባቸው ናቸው። ዛፉ ለዓመታት የአፈሩን እርጥበት ሲመጥ ስለኖረ መረሬው ደርቆ ተኮማትሯል፤ ዛፉ ሲቆረጥ እርጥበቱ ቀስ እያለ ይመለስና አፈሩ ከዓመት ዓመት ያብጣል። ጉቶ የበዛበት መረሬ ላይ በቆረጡ ማግሥት መሠረት አይጣሉ፤ ግድ ከሆነ ጉቶውና ሥሩ ተነቅሎ አፈሩ መለወጥ አለበት።

ሸዋ ሮቢት ሌላ ዓለም ነው። ቆላ ስለሆነና ወንዞቹ ከጣርማ በር ገደል በኩል ያለውን የደጋ ውሃ ይዘው በድንገት ስለሚወርዱ፣ እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሮቢ ወንዝ ሲሞላ እስከ የት እንደሚደርስ ነው። ይህን ደላላ አይነግርዎትም፤ በሰፈሩ ረጅም ዘመን የኖሩ አንድ እናት ግን የውሃው ልክ ግድግዳቸው ላይ የት እንደደረሰ በእጃቸው ነክተው ያሳዩዎታል። በደብረ ሲና በኩል ደግሞ ተዳፋት መሬት ሲያዩ ይጠንቀቁ። በ1998 ዓ.ም. ይዛባ ላይ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤት አፍርሶ ሕዝብ አፈናቅሏል። ግንዳቸው ከሥር ጎብጦ ወደ ላይ የተቃና ዛፎች፣ ያዘነበሉ የመብራት ምሰሶዎችና በተዳፋቱ መሐል የሚመነጭ ውሃ መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ስለመሆኑ ምልክት ናቸው።

የመሬት መንቀጥቀጥንም የሩቅ ነገር አድርጎ ማለፍ አይገባም፤ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፤ በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ ሲናወጥ ንዝረቱ እኛ ዘንድ ተሰምቷል። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ ያለውን ያረጀ መሠረት «የተሠራ ሥራ» ብለው ዋጋ ከመስጠትዎ በፊት ብረት ያለው መሆኑንና በምን ዲዛይን እንደተሠራ ያጣሩ። ድንጋይ ብቻ ከሆነ ለእኔ ዋጋው ባዶ ነው፤ እንዲያውም የማፍረሻ ወጪ አለበት።

ከተቻለ ቦታውን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይዩት። በጥር ያማረ ሜዳ በነሐሴ ኩሬ ሆኖ ይገኛል።

ተስፋዬን የቀበርሁ፦

እኔ ከሕግም ከምሕንድስናም የለሁበትም፤ የምናገረው በራሴ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በዞናችን ካሉ ከተሞች በአንዷ ዳር ልክ እንደ መምህር የመጀመሪያ አማራጭ ያለ መሬት በስጦታ ውል ገዛሁ። ሦስት ምስክሮች ፈርመዋል፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ በግ ታርዷል። ለሁለት ዓመት ድንች ዘራሁበት። ከዚያ ከተማው መንገድ ሊያወጣበት መጣ፤ ካሳው ለባለደብተሩ ተከፈለ፤ ሰውዬው አልካዱኝም፣ ግን ገንዘቡን ለልጆቻቸው አካፍለው ነበር። ክስ መሥርቼ ውሉ ሕገ ወጥ ስለሆነ ፈራሽ ነው ተባልሁ፤ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ የተወሰነው በውሉ ላይ በተጻፈው መጠን ነው። ውሉ ላይ የተጻፈው ደግሞ ደላላው «ግብር እንዳይበዛ» ብሎ ያስጻፈው፣ ከከፈልሁት አንድ ሦስተኛው ነበር።

መምህር፣ ደላላው የሚያሳይዎትን «ካርታ የወጣላቸው ሰዎች» በስም ጠይቀው ቤታቸው ድረስ ይሂዱ። እኔ አልሄድሁም።

የጅሩ ገበሬ ልጅ፦

በዚህ ውይይት ውስጥ የገበሬው ድምፅ ስለጠፋ ልጨምር። አባቴ ሞረትና ጅሩ ውስጥ ያርሳሉ። ደላላ ወደ ቤታችን ሦስት ጊዜ መጥቷል፤ ለአባቴ ያቀረበላቸው ገንዘብና ለከተሜው የሚጠራው ዋጋ እንደማይገናኝ የሰማነው በኋላ ነው። መምህር 900,000 ብር ሲባሉ ገበሬው ስንት እንደተባሉ ጠይቀው ያውቃሉ? ይህን መጠየቅ የገበያውን እውነተኛ ዋጋም ይነግርዎታል።

ወላጆቻችን መሬት ሲባል ርስት የሚለውን ያስባሉ፤ በመንዝም በጅሩም ሰው በአያት ቅድመ አያቱ ቆጥሮ ርስቱን ይዞ የኖረበት አገር ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ያን ሥርዓት ቢያስቀረውም «መሬቴ» የሚለው ስሜት አልቀረም፤ ለዚህም ነው ሽማግሌ ተቀምጦ የተደረገ ስምምነት በሰፈሩ ዘንድ እንደ ሕግ የሚቆጠረው። ነገር ግን አባት ያደረጉትን ልጅ ሊቀበለው አይገደድም። ደብተሩ ላይ የሰፈረችው እናቴ ሳትስማማ አባቴ የሚፈርሙት ወረቀት ዋጋ የለውም፤ እኛ ልጆቹም ዝም ብለን አናይም። ገዢዎች ይህን ክፋት ይሉታል። ማሳው ግን የቤተሰቡ መብል ነው።

ዋጋ ገማቹ፦

በባንክ ውስጥ በንብረት ግምት ሥራ ላይ ስለምገኝ ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ። መንደር ውስጥ የሚሰማው ዋጋ የተጠራ ዋጋ እንጂ የተከፈለ ዋጋ አይደለም። መለካት ያለብዎት ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ሊሠሩ ያሰቡትን ዓይነት ያለቀ ቤት በእውነት በስንት ተሸጠ? 6 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ግንባታው 4 ሚሊዮን ይፈጃል፤ 2 ሚሊዮን ቀረ። ለፈቃድ፣ ለመብራትና ለውሃ ማስገቢያ፣ ለወለድና ገንዘቡ ተይዞ ለሚቆይበት ጊዜ 700,000 ቢወጣ 1.3 ሚሊዮን ይቀራል። ለድካምዎና ለሚሸከሙት ሥጋት 600,000 ቢመድቡ ለቦታው ሊከፍሉ የሚገባው ጣሪያ 700,000 ነው። መሐንዲሱ የቆጠሩት 24 የገልባጭ ምልልስ ከዚህም ላይ ይቀነሳል። በዚህ መንገድ ሲሰላ ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ ከሚጠራበት ዋጋ በታች ይሆናል። ሻጮች አይወዱትም፤ ባንክ የሚሠራው ግን በዚህ ነው።

ለኪራይ ካሰቡት ደግሞ የዓመቱን ኪራይ ለጠቅላላ ወጪው ያካፍሉት። ከነቦታውና ከነልዩ ልዩ ወጪው 5.4 ሚሊዮን የፈጀ ቤት በወር 15,000 ቢከራይ በዓመት 180,000፣ ማለትም ከ3 በመቶ ጥቂት የበለጠ ነው፤ ቤቱ ባዶ የሚሆንባቸውን ወራትና ጥገናውን ሳንቆጥር። ባንክ ውስጥ ቢቀመጥ ከሚገኘው ወለድ ጋር ያነጻጽሩት። በርግጥ ቤት የገንዘብ መርከስን ይቋቋማል፤ ይህ ግን መሠረቱ ካልተሰነጠቀና ወረቀቱ ካልፈረሰ ብቻ ነው።

የሊዝ መብትን ስለ ማስያዝ አንድ ቃል፦ በዋስትና የሚያዘው እስከዚያ ድረስ በከፈሉት የሊዝ ክፍያ መጠን ነው። «ቦታውን ይዤ ተበድሬ እሠራለሁ» የሚሉ ሰዎች ይህን ሳያውቁ መጥተው አዝነው ይመለሳሉ።

የመሐል ሜዳው መምህር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠባሴውን መሬት ትተነዋል፤ ደላላው ሦስት ጊዜ ደውሎ ሌላ ገዢ መጥቷል ብሎኛል፤ ለሌላው ገዢ ይሁንለት ብያለሁ። «ካርታ ወጣላቸው» ያላቸውን ሰዎች ስም ስጠይቀው አንድም ስም አልሰጠኝም። ሊዙን ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን እንወዳደራለን። ነገር ግን የሸዋ ሮቢቱን ጨርሼ አልተውሁትም፤ ወራሾቹ የእናቴ ዘመዶች ስለሆኑ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ፈቃደኞች ናቸው። ወረቀቱ እንዲስተካከል ምን ልጠይቃቸው? ለመሐንዲሱም ጥያቄ አለኝ፤ ቅዳሜ ጉድጓድ ላስቆፍር ነው፣ ውሃ ሞልቼ ልሞክረው ወይ?

ቀያሹ፦

መምህር፣ ዝምድናው ወረቀቱን አይተካውም፤ ቅር አይበልዎት። በመጀመሪያ አራቱም የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተው ካርታው ወደ ስማቸው ይዙር፤ በሟች ስም ባለ ካርታ ላይ ቀብድ እንኳ አይክፈሉ። ውጭ አገር ያለው ወንድም ውክልና ሲልክ በኤምባሲ የተረጋገጠ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም የታየ ይሁን፤ ውክልናው «ለመሸጥ» የሚል ግልጽ ቃል ይኑረው። «ለማስተዳደር» የሚል ውክልና ለሽያጭ አይበቃም። ከወራሾቹ ባለትዳር የሆኑት የትዳር ጓደኞቻቸው በንብረቱ ላይ ጥያቄ እንደሌላቸው ይጣራ። ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ እግድ፣ የባንክ ዋስትናና ውዝፍ ግብር አለመኖሩን በጽሑፍ ይግለጽልዎ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ በቤት ውስጥ የተፈረመ፣ ሽማግሌ ያየው ወረቀት አይበቃም። በውሉ ላይም የከፈሉትን ሙሉ ገንዘብ ያስጽፉ፤ ከላይ ወንድማችን የተጎዱበትን ያስታውሱ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የአሁኑ ግንባታ ለማዛወር የሚበቃ መሆኑን ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ። አይበቃም ከተባሉ ወራሾቹ እስከ ላይኛው ቢም ራሳቸው ሠርተው ያስረክቡ፣ ወይም ነገሩ ይቅር። ገንዘብ ሰጥተው በእነርሱ ስም እርስዎ እንዳይሠሩ።

ሲቪል መሐንዲሱ፦

ውሃውን ይሞክሩት። ጉድጓዱ ሥር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይሙሉና ሰዓት ይያዙ። በአንድ ሁለት ሰዓት ከሰረገ አሸዋማ ወይም ገረጋንቲ አፈር ነው፤ ለመጸዳጃ ጉድጓድም ይመቻል። በማግሥቱ ጠዋት ውሃው እንዳለ ካገኙት ግን ሸክላማ አፈር ስለሆነ ፎቶግራፍ አንሥተው ይላኩልኝ። ጉድጓዱን በጥርብ ድንጋይ ወይም በእንጨት ከድነው ይሂዱ፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፍየል ብዙ ነው።